ለዓሣ ጫጩት መኖ ዘይት መጨመር ያስፈልጋል?

ጥያቄ፦ «ኮምቦልቻ ከተማ ዳር ሁለት ኩሬ አሉኝ። የቆሮሶ ጫጩት ሃፓ በሚባለው የመረብ ሳጥን ውስጥ አሳድጋለሁ፤ ዘንድሮ ደግሞ አምባዛ ማስፈልፈል ጀምሬአለሁ። መኖውን የማዘጋጀው ራሴ ነኝ። ከሐይቅ የሚመጣ የደረቀ የዓሣ ዱቄት አራት እጅ፣ የኑግ ፋጉሎ አራት እጅ፣ ፉርሽካ ሁለት እጅ አድርጌ እቀላቅላለሁ። የዓሣ እጭ ቅባት ካላገኘ ይሞታል የሚል ስላነበብሁ በአንድ ኪሎ መኖ 100 ግራም የሚረጋ ዘይት እጨምራለሁ። ይህም ሆኖ ቆሮሶው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከግማሽ በላይ ያልቃል። የአምባዛው እጭ ደግሞ መኖ በጀመረ በአራተኛውና በአምስተኛው ቀን አንድም ሳይቀር ይሞታል። ውኃው ጠዋት 19፣ ከሰዓት በኋላ 24 ዲግሪ ነው። ኦሜጋ 3 አንሶት ይሆን? ከደሴ ፋርማሲ የዓሣ ጉበት ዘይት እንክብል ገዝቼ ልጨምር ወይስ ቅቤ ይሻላል?»

መልስ፦ እንክብሉንም ቅቤውንም አይግዙ። መኖዎ ቅባት አልጎደለውም፤ እንዲያውም በዝቶበታል። የሚረጋውንም ዘይት ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በአንድ ኪሎ ድብልቅ ውስጥ 400 ግራም የዓሣ ዱቄት አለ። የዓሣ ዱቄት እንደ አሠራሩ ከ8 እስከ 10 በመቶ ቅባት ስለሚይዝ ከዚህ ብቻ ወደ 36 ግራም ይገኛል። በመጭመቂያ ማሽን የወጣ የኑግ ፋጉሎ ዘይቱ ሙሉ በሙሉ አይለቀቅም፤ 8 በመቶ ያህል ቀርቶበታል ብንል 400 ግራሙ 32 ግራም ይሰጣል። ፉርሽካው 8 ግራም ገደማ ይጨምራል። ድምሩ 76 ግራም፣ ማለትም ከ7 በመቶ ተኩል በላይ ነው። በዚህ ላይ 100 ግራም ዘይት ሲያፈስሱ ቅባቱ 16 በመቶ ይሆናል። የቆሮሶም ሆነ የአምባዛ ጫጩት መኖ ከ8 እስከ 12 በመቶ ቅባት ይበቃዋል።

ትርፉ ቅባት «ቢበዛ ምን ይጎዳል» የሚባል አይደለም። ዘይቱ ሌላውን ሁሉ አቅጥኖታል። የእርስዎ ድብልቅ ያለ ዘይት በግርድፉ 39 በመቶ ፕሮቲን ነበረው፤ ዘይቱ ሲገባ ወደ 36 ወረደ። ገና መብላት የጀመረ የቆሮሶ ጫጩት ከ40 እስከ 45 በመቶ ፕሮቲን ይፈልጋል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ዓሣ የሚበላው ኃይል እስኪሞላለት ድረስ መሆኑ ነው። አንድ ግራም ቅባት ከአንድ ግራም ፕሮቲን ከእጥፍ በላይ ኃይል ስላለው ጫጩቱ በዘይቱ ጠግቦ አፉን ይዘጋል፤ ሥጋ የሚሠራበትን ፕሮቲን ግን አላገኘም። የተረፈው ቅባት ጉበቱ ላይ ይከማቻል። ከውጭ ሲያዩት ሆዱ የሞላ፣ የጠገበ ይመስላል። ከሲታና ቀርፋፋ ጫጩት ቢያዩ ኖሮ ቶሎ ይጠረጥሩ ነበር፤ ችግሩን የሸሸገው ይህ ውፍረት ነው።

አሁን ወደ ኦሜጋ 3 ልምጣ፤ ትልቁ ግራ መጋባት እዚህ ላይ ነው። ያነበቡት ምክር ስሕተት አይደለም፤ የተጻፈው ግን ለባሕር ዓሣ ነው። የባሕር ዓሣ እጮች ዲ ኤች ኤ እና ኢ ፒ ኤ የሚባሉትን ረጃጅም የኦሜጋ 3 ስብ አሲዶች ራሳቸው መሥራት ስለማይችሉ ከምግባቸው ካላገኙ ይሞታሉ። ለዚህም ነው የባሕር ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች ለእጩ የሚመግቧቸውን ደቃቅ እንስሳት ሳይቀር በዓሣ ዘይት የሚቀልቧቸው። ቆሮሶ፣ አምባዛና ካርፕ ግን የጣፋጭ ውኃ ዓሦች ናቸው፤ ከቅባት እህል የሚገኙትን አጫጭር የስብ አሲዶች ወደ ረጃጅሞቹ የመለወጥ አቅም አላቸው። የባሕር በር በሌለው አገር ለባሕር ዓሣ የተጻፈ ምክር እየተቀባበልን ገንዘባችንን በውድ ዘይት ላይ ማፍሰሳችን ይገርመኛል።

ቆሮሶ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ሊኖሌይክ የተባለውን የኦሜጋ 6 ስብ አሲድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣ የጃፓን ጥናት ለአባይ ቆሮሶ ከመኖው ግማሽ በመቶ ያህል እንደሚበቃው አመልክቷል። በዚያው ሥራ የበቆሎና የአኩሪ አተር ዘይት የተመገቡት ዓሦች የዓሣ ጉበት ዘይት ወይም የከብት ሞራ ከተመገቡት የተሻለ አድገዋል። የኑግ ዘይት ደግሞ ከሰባ በመቶ የማያንሰው ሊኖሌይክ ነው። በፋጉሎው ውስጥ የቀረው 32 ግራም ዘይት ወደ 22 ግራም ሊኖሌይክ ይዟል ማለት ነው፤ ይህም ከመኖው 2 በመቶ ይሆናል። የሚፈለገው ብዙ እጥፍ ሆኖ አስቀድሞ ገብቷል። ጠርሙስ ዘይት የሚያስፈልግበት ቦታ የለም።

የጉበት ዘይት እንክብሉ ከዋጋው በላይ ሌላ መዘዝ አለው። ከጉበት የተጨመቀ ዘይት በቫይታሚን ኤ የበለጸገ ነው፤ ቫይታሚን ኤ ደግሞ በቅባት የሚሟሟ በመሆኑ ሲበዛ ከሰውነት አይወጣም። በእጭ ዕድሜ ሲበዛ የአከርካሪና የመንጋጋ ጉድለት ያመጣል። ለአንድ ሰው በቀን የታሰበ መጠን ለሚሊግራም ፍጡር እንዴት እንደሚከፈል አስቡት! እንክብሉን በመርፌ እየበሱ ወደ ዱቄት የሚያንጠባጥቡ ሰዎች አጋጥመውኛል። ይቅርብዎ።

የሚረጋው ዘይት ከፓልም የተሠራ ነው። ከግማሹ የማይተናነሰው ዝግ፣ ማለትም በብርድ ቶሎ የሚረጋ፣ ስብ ስለሆነ ሊኖሌይክ በውስጡ 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ለጫጩቱ የሚሰጠው ኃይል እንጂ አስፈላጊ ስብ አሲድ አይደለም። በደሴ ብርድ ጠዋት ጀሪካኑ ውስጥ ነጭ ሆኖ ሲረጋ ያዩታል። ዓሣ የራሱ የሰውነት ሙቀት የለውም፤ ኩሬዎ 19 ዲግሪ ሲሆን የጫጩቱ አንጀትም 19 ዲግሪ ነው። እዚያም ይረጋል። የረጋ ቅባት በሐሞትና በኢንዛይም ለመበተን ያስቸግራል፤ ስለዚህ አብዛኛው ሳይፈጭ ይወጣል። ቅቤና ሞራም የሚቀልጡት ከዚህ ኩሬ ሙቀት እጅግ በላይ ስለሆነ ፍርዳቸው አንድ ነው። ቅቤውን ለወጥ ያቆዩት።

የማይበላው ዘይት ወዴት እንደሚሄድ በዓይንዎ ማየት ይችላሉ። መኖ ከሰጡ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በሃፓው ጥግ ጎንበስ ብለው ውኃውን ከፀሐይ ብርሃን ተቃራኒ ይመልከቱ። ቀስተ ደመና የመሰለ ወዝ ተንሳፍፎ ያያሉ፤ የመኖው ደቃቅ ዱቄትም እዚያው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ንጹሕ የጋዜጣ ገጽ ውኃው ላይ ዘርግተው ቀስ ብለው ይጎትቱት፤ ወረቀቱ ወዙን ለብሶ ይወጣል። ይህ ወዝ ከአየር የሚገባውን ኦክስጅን ያውካል፤ የመረቡን ቀዳዳም ይደፍናል። ካርፕ ለሚያስፈለፍሉ ደግሞ ይብሳል፤ የካርፕ እጭ የአየር ከረጢቱን የሚሞላው ወደ ላይ ወጥቶ አየር በመጎንጨት ስለሆነ ወዙ በሩን ይዘጋበታል።

እንግዲህ የእርስዎ መኖ ከቅባት በኩል በርግጥ የሚጎድለው ምንድን ነው? ፎስፎሊፒድ ነው። እነዚህ የቅባት ዓይነቶች ሲሆኑ በሰፊው የሚታወቀው ሌሲቲን ነው። ዘይት በአንጀት ግድግዳ ከገባ በኋላ ወደ ጉበትና ወደ ሥጋ የሚጓዘው በፎስፎሊፒድ ተሸፍኖ ነው። ጎልማሳ ዓሣ ይህን ሽፋን ራሱ ይሠራል። እጭ ግን ይህን የመሥራት አቅሙ ገና ስላልጠነከረ ከምግቡ ይጠብቃል። እርስዎ ያደረጉት ጭነቱን እያበዙ አህያውን መርሳት ነው። ፎስፎሊፒድ ያነሰው እጭ አንጀት በአጉሊ መነጽር ሲታይ የዘይት ጠብታዎች በሕዋሳቱ ውስጥ ታጭቀው ይገኛሉ፤ ቅባቱ ተበልቷል፣ ገብቷል፣ አልተጓዘም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአውሮፓ በካርፕ እጮች ላይ የተሠሩ ሙከራዎች 2 በመቶ ያህል ፎስፎሊፒድ በመኖው መጨመር ዕድገትን እንደሚያሻሽልና የአካል ጉድለትን እንደሚቀንስ አሳይተዋል። እናቱ በአፏ ይዛ የምታስፈለፍለው የቆሮሶ ጫጩት ከአፏ ሲወጣ ትልቅና የበሰለ ስለሆነ ፍላጎቱ እንደ ካርፕ የበረታ አይደለም፤ ያም ሆኖ ከዘይት ጠርሙስ ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ነው።

ምንጩም በቤትዎ አለ፤ የእንቁላል አስኳል። የአንድ እንቁላል አስኳል 5 ግራም ገደማ ቅባት ይዟል፤ ከዚህ ውስጥ ሲሶ የሚጠጋው ፎስፎሊፒድ ነው። ከአኩሪ አተር ዘይት ማጣሪያ የሚወጣው ሌሲቲን ከተገኘ ደግሞ በኪሎ 20 ግራም ይበቃል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በየአካባቢው የተለመደው ቅቅል አስኳልን በጨርቅ ጨምቆ በቀጥታ ውኃ ውስጥ መበተን ነው። ይህን አያድርጉ። ከሚበላው የሚበዛው ወደ ታች ይወርድና ይበሰብሳል፤ በማግስቱ የሚሞተውን እጭ የገደለው የተበላሸው ውኃ ሆኖ ሳለ ጥፋቱ በሌላ ይሳበባል። አስኳሉ ከዱቄት ጋር ተለውሶ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ ይሰጥ።

ስለ ኦሜጋ 3 «አያስፈልግም» ብዬ ልዘጋው ግን አልፈልግም፤ የኮምቦልቻ ውኃ ቀዝቃዛ ነው። ውኃ ሲቀዘቅዝ የዓሣ ሕዋስ ሽፋን ግትር እንዳይሆን ያልተዘጉ ስብ አሲዶች ይፈልጋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በ22 ዲግሪ ውኃ ውስጥ በቆሮሶ ጫጩቶች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ግማሽ በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ አልፋ ሊኖሌኒክ የተባለ የኦሜጋ 3 ስብ አሲድ ዕድገትን እንደሚያሻሽል አሳይተዋል። ይህ ስብ አሲድ በጠረኑ ሳይቀር ማንም የወሎ ሰው በሚያውቀው እህል ውስጥ ሞልቷል፤ በተልባ። ከተልባ ዘይት ከግማሽ በላይ የሚሆነው አልፋ ሊኖሌኒክ ነው። በኪሎ መኖ 15 ግራም፣ ማለትም አንድ የሾርባ ማንኪያ ተኩል ያህል፣ ለስለስ ተደርጎ ተቆልቶ የተወቀጠ ተልባ ይበቃል። አይብዛ፤ ተልባ የሚያዝለገልግ ነገር ስላለው ሲበዛ ትንሿን አንጀት ይይዛታል። ተወቅጦ የተቀመጠ ተልባም አይጠቀሙ። የተልባ ዘይት ቶሎ አየር ይበላዋል፣ ማለትም አየር ነክቶት ይበላሻልና መኖውን በሚያዘጋጁበት ቀን ብቻ ይወቀጥ።

አየር የበላው ቅባት ነገር ከዘይት ዓይነት ምርጫ ሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። እንደ ኑግና ተልባ ያሉ ያልተዘጉ ዘይቶች ለዓሣ የሚመቹበት ጠባያቸው ራሱ ቶሎ እንዲበላሹ ያደርጋቸዋል። የተበላሸ ቅባት በመኖው ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ኢ ጨርሶ ያጠፋል፤ ጉበትን ያሳምማል፣ ደም ያሳንሳል፣ ጡንቻ ያመነምናል። የእርስዎ የዓሣ ዱቄት ከሐይቅ ተነሥቶ በደሴ በኩል ኮምቦልቻ እስኪደርስ ያለው መንገድ ረጅም ባይሆንም፣ ዓሣው በምን ዓይነት ፀሐይ ላይ ስንት ቀን እንደተሰጣና በጆንያ ስንት ወር እንደቆየ ይጠይቁ። ቁንጥር ዱቄት በሞቀ ውኃ አርጥበው በሁለት ጣት መካከል እሽት እሽት አድርገው ያሽትቱ። ትኩስ ከሆነ የቋንጣ ዓይነት ሽታ አለው። የቆየ የግድግዳ ቀለም ወይም ሰም የሚመስል፣ ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ ከሰጠ ለዶሮም አይስጡት።

ፋጉሎውም እንዲሁ ነው፤ በእርሱ ላይ ደግሞ ሻጋታ ይጨመርበታል። እርጥበት ባለበት መጋዘን የከረመ የኑግም ሆነ የለውዝ ፋጉሎ አፍላቶክሲን ሊይዝ ይችላል፤ መርዙ በመቀቀልም በመቁላትም አይጠፋም፣ ጉዳቱም ጉበት ላይ ነው። ለእጭ ዕድሜ ፋጉሎውን ከመኖው እንዲያወጡ የምመክረው በዚህ ብቻ አይደለም፤ የኑግ ቅርፊት አሰር በዝቶበታል፤ የሩዝ ፍሬ የማታክል ጫጩት አንጀቷን በማይፈጭ ነገር መሙላት የለባትም። ጫጩቶቹ ሁለት ግራም ካለፉ በኋላ ትኩስ ፋጉሎ ጥሩና ርካሽ መኖ ነው።

ሌሎች ሁለት ነገሮች በአካባቢው በቀላሉ ስለሚገኙ ላንሣቸው። የአገራችን ጎመን ዘር ዘይት ኤሩሲክ የተባለ አሲድ ስለሚበዛበት ለጫጩት አይሁን። የጥጥ ፍሬ ፋጉሎና ዘይትም ጎሲፖል የተባለ መርዝ ስላለባቸው አይሁኑ። ሱፍ ዘይቱ እንደ ኑግ በሊኖሌይክ የበለጸገ ስለሆነ ክፉ አይደለም፤ ከኑግ የሚለይበት ጥቅም ግን የለውም።

ከሐይቅ አጥማጆች የሚጣለውን የዓሣ ሆድ ዕቃ መጠቀም የሚፈልጉ ካሉ፣ ከእርሱ የሚወጣው ዘይት ከፋርማሲው እንክብል ይሻላል። የጣፋጭ ውኃ ዓሣ ስብ ዲ ኤች ኤውም ኦሜጋ 6ቱም ተመጣጥኖ ይገኝበታል። ነገር ግን በዚያው ቀን ካልተሠራ አይጠቅምም። ሐሞቱ ሳይፈርጥ ተለይቶ፣ በትንሽ ውኃ በለስላሳ እሳት ተቀቅሎ፣ ላዩ ላይ የሚንሳፈፈው ተገፍፎ፣ በጨለማ ጠርሙስ እስከ አፉ ተሞልቶ ይዘጋ። ሳይበስል የሚሰጥ የዓሣ ተረፈ ምርት በሽታና ጥገኛ ትል ወደ ኩሬዎ ይዞ ይገባል። እንዲህ የወጣውን ዘይት ከተልባው በተጨማሪ ሳይሆን በእርሱ ፈንታ ይጠቀሙ፤ በኪሎ 10 ግራም።

ለቆሮሶ ጫጩት የምመክረው ድብልቅ ይህ ነው። ትኩስ የዓሣ ዱቄት 450 ግራም፣ በደንብ ተቆልቶ የተፈጨ አኩሪ አተር 230 ግራም፣ የስንዴ ዱቄት 220 ግራም፣ የአራት እንቁላል ቅቅል አስኳል፣ 15 ግራም ተልባ፣ ለዶሮ ከሚሸጠው የቫይታሚንና የማዕድን ድብልቅ 10 ግራም። አኩሪ አተሩ ከእነ ዘይቱ ስለሆነ 44 ግራም ያህል ቅባት ያመጣል፤ ከዓሣ ዱቄቱ፣ ከአስኳሉና ከተልባው ጋር ጠቅላላው ወደ 12 በመቶ ይጠጋል፤ ኦሜጋ 3ውም ከግማሽ በመቶ ያልፋል፤ ፕሮቲኑም 41 በመቶ ገደማ ይሆናል። ከጠርሙስ የተቀዳ አንዲት ጠብታ ዘይት የለበትም። አኩሪ አተሩ መቆላት አለበት፤ ጥሬው ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚከለክል ነገር አለው። ስንዴውን በፈላ ውኃ እንደ ገንፎ አገንፍተው ሌላውን ሁሉ በዚያ ይለውሱበት፤ ቫይታሚኑን በረድ ካለ በኋላ ይጨምሩ። በስሱ ዘርግተው በጥላ ሥር ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ያድርቁት። ፀሐይ ላይ ካሰጡት ተልባውን በከንቱ ወቀጡት። ከዚያ ይፈጭና በሽሮ ወንፊት ይነፋ፤ ለመጀመሪያው ሳምንት የላመውን ብቻ፣ ቀጥሎ ወንፊቱ ላይ የቀረውን ይስጡ። ከአንድ ሳምንት ፍጆታ በላይ አያዘጋጁ።

አምባዛው የተለየ ጉዳይ ነው፤ እዚያ ላይ ቅባት ጥፋተኛ አይደለም። የአምባዛ እጭ የአስኳል ከረጢቱን በሁለት በሦስት ቀን ይጨርስና መብላት ይጀምራል፤ ጨጓራው ግን ሥራ የሚጀምረው በሞቀ ውኃ እንኳ ከዚያ በኋላ ከአራት እስከ አምስት ቀን ቆይቶ ነው። በዚህ መካከል የሚሰጡትን ደረቅ መኖ ቢውጠውም በሚገባ አይፈጨውም። እርስዎ ሁሉም አለቁ የሚሉባቸው ቀናት እነዚሁ ናቸው፤ እጮቹ ሆዳቸው ሞልቶ በረኃብ ሞቱ። ለእነዚያ ቀናት ሕያው ምግብ ከመስጠት በቀር መድኃኒት የለም። በቆርቆሮ ታሽጎ ከውጭ የሚገባው አርቴሚያ የተባለው ደቃቅ የጨው ውኃ እንስሳ እንቁላል በጨው ውኃ በአንድ ቀን ይፈለፈላል፤ ውድ ነው፣ አስተማማኝም ነው። ልብ ይበሉ፣ አርቴሚያ ዲ ኤች ኤ የለውም ማለት ይቻላል፤ የአምባዛ እጭ ግን በእርሱ ብቻ በሚገባ ያድጋል። የዓሣ ዘይት የግድ ነው ለሚሉ ሰዎች ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ርካሹ መንገድ የዶሮ ፍግ በተጨመረበት ጋን ወይም በርሜል ውስጥ ሞይና የተባለውን ደቃቅ የውኃ ቁንጫ ማራባት ነው። ውኃው አረንጓዴ ከሆነ በኋላ ከኩሬ የተወሰደ ጥቂት ዘር ይጨመርበታል፤ በእርስዎ ሙቀት ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ይፈጃል፤ ስለዚህ ከማስፈልፈል በፊት ይጀመር። ወደ እጩ ከመሄዱ በፊት በጨርቅ ያጥልሉና በነጭ ሳህን አይተው ሳይክሎፕስ የተባሉትን ደቃቅ የውኃ እንስሳትና የውኃ ነፍሳትን ያስወግዱ፤ እጩን ራሱን ይበሉታል። ጨጓራው ሥራ ከጀመረ በኋላ ደረቁን መኖ ከሕያው ምግቡ ጋር እየቀላቀሉ ቀስ በቀስ ያስለምዱት። የአምባዛ መኖ ፕሮቲኑ 50 በመቶ ቢደርስ ይመረጣል፤ ስንዴውን ቀንሰው የዓሣ ዱቄቱን ያብዙ።

እጭ መጀመሪያ የሚበላው ቅባት እናቱ በአስኳሉ ውስጥ ያስቀመጠችው መሆኑን ብዙ ሰው ይዘነጋል። ለእርባታ የያዟቸው እናቶች ፉርሽካ ብቻ እየበሉ ከሆነ ጫጩቱ ከመፈልፈሉ በፊት ተጎድቷል። እዚህም ላይ የዓሣ ዘይት ዝናው ከሥራው ይበልጣል፤ እ.ኤ.አ. በ1993 በፊሊፒንስ የወጣ ጥናት የአኩሪ አተር ዘይት የተመገቡ የቆሮሶ እናቶች የዓሣ ጉበት ዘይት ከተመገቡት ብዙ ጫጩት እንዳስገኙ አሳይቷል። የጉበት ዘይት የበሉት ወፈሩ እንጂ ብዙ ጫጩት አላስገኙም። በጨዋማ ውኃ ነገሩ ይለያል፤ የእርስዎ ኩሬ ግን ጨዋማ አይደለም። ለእናቶቹም የተቆላ አኩሪ አተር ያለበት መኖ ይስጧቸው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ መኖ ሊሻገረው የማይችለው ድንበር አለ፤ ሙቀት። ቆሮሶ የሚመቸው ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ነው። ከ20 ሲወርድ ምግቡን ይቀንሳል፤ 16 አካባቢ ጨርሶ ይተዋል። የእርስዎ ጫጩቶች በየጠዋቱ ሊበሉ የማይፈልጉበት ሰዓት አለ፤ ያኔ የሚወረወር መኖ ሁሉ ውኃ ማበላሻ ነው። ስለዚህ የቀኑን ድርሻ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ስድስት ሰባት ጊዜ ከፋፍለው ይስጡ። ሃፓውን ጥልቀት ወደሌለው፣ ከነፋስ ወደተከለለው ጥግ ያዛውሩት፤ ማታ ማታ ላዩን በግልጽ ፕላስቲክ ይሸፍኑት፤ ጠዋት ፀሐይ እንደወጣ ይግለጡት። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት የቆሮሶ ጫጩት በክፍት ኩሬ ለማሳደግ አይሞክሩ። አምባዛ ማስፈልፈልም ውኃው 26 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሊያዝ በሚችልበት ቤት ውስጥ ባለ ገንዳ ይሁን እንጂ በኩሬ አይሁን።

መኖውን ሲቀይሩ በጭፍን አይቀይሩ። ከአንድ እናት የወጡ ጫጩቶችን ቆጥረው እኩል ለሁለት ይክፈሏቸውና ጎን ለጎን በተሰቀሉ ሁለት ሃፓዎች ያስገቧቸው፤ ለአንዱ የቀድሞውን፣ ለሌላው አዲሱን መኖ ይስጡ። በየቀኑ የሞቱትን ይመዝግቡ፤ ገና እንደሞተ የሚያገኙትን ጫጩት በነጭ ሳህን ላይ አድርገው በእጅ ማጉያ መነጽር ይዩት። ሆዱ ሥሥ ስለሆነ አንጀቱ በግልጽ ይታያል። ባዶ ከሆነ አልበላም፤ መንሥኤው ብርድ ወይም የመኖው መጠነ ፍሬ ነው። አንጀቱ ሞልቶ ጉበቱ ነጣ ብሎና አብጦ ከታየ ቅባቱ ነው። ስንጥቡ ከገረጣ ወይም ከጠቆረ ወደ ውኃው ይሂዱ። በአሥራ አራተኛው ቀን የቀሩትን ቆጥረው ይመዝኗቸው። በሁለቱም ሃፓዎች እኩል ካለቁ መኖውን መነካካትዎን ይተዉና ጎሕ ሲቀድ የኩሬውን ኦክስጅንና አሞኒያ ያስለኩ።